የግራ እጁ ጋት

ሱዬ ሩሸንን ጫማዋ ውስጥ ከከተተችው ድፍን ሦስት ወር ሆናት።

የከተተችው እጁን ነው። በጥላሸት ቀለም ተነክሮ ባዶ ወረቀት ላይ የታተመ ግራ እጅ፤ አራቱ ጣቶች ግጥም ብለው፣ አውራ ጣቱ ብቻ ተለይቶ። አንዲት ፊደል የለበትም። ወረቀቱን አንዴ አጠፈችና በቀኝ ጫማዋ ሶልና ገበር መሃል አስገብታ ሰፋችበት። ስትነሳ ትረግጠዋለች፣ ስትወጣ ትረግጠዋለች፣ አሳማ ልታበላ ስትሄድ ትረግጠዋለች። ፊደል የተጻፈበት ወረቀት መርገጥ ነውር ነው። ይሄ ምን ፊደል አለው? ይረገጥ!

ማንበብ የማይችል ሰው እጁን ነክሮ ወረቀት ላይ የሚያትመው ወይ መሬቱን ሲሸጥ ነው፣ ወይ ሴት ሲፈታ። ሩሸን ደግሞ ጀልባ ላይ ተወልዶ ጀልባ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ የሚሸጠው መሬት ከየት ያመጣል? ስለዚህ የታጨችለትን ሱዬን ፈታት ማለት ነው። እርግጥ የፍቺ ውል ላይ የሚታተም እጅ ጣቶቹን ዘርግቶ ነው የሚታተም። ይሄኛው ጣቶቹን ለምን እንደገጠማቸው ሱዬ አልጠየቀችም። የተዋረደች ሴት መች ትጠይቃለች!

ወረቀቱን ያመጣችላት ዓሣ ሻጯ እትዬ ኋ ነበረች። ውሻው ሲዘልባት ቅርጫቷን ጥላ ወረቀቱን በአጥር ላይ ወርውራላት፣ እየሮጠች ነው መልእክቱን የጮኸችው።

«ልኬን አውቄያለሁ ብሏል!»

ልኬን አውቄያለሁ። እኔ የጀልባ ልጅ፣ አንቺ የሰባት ትውልድ ሐኪም ልጅ፤ ደረጃዬን አውቄ ተቀምጫለሁ ማለቱ ነው። ወንድ ልጅ ሲፈራ እንዲህ ያለ የሚያምር ቃል ይፈልጋል።

ያው ሰው ዓምና እንዲህ አልነበረም። በዓምናው የጀልባ ውድድር ከሱዬ ዘመዶች አንዱ በሩሸን ወገኖች፣ በኬ ዘር መቅዘፊያ ተመትቶ ሞተ፤ የፉና የኬ ዘሮች ደም ተቃቡ። የሱዬ አባት ሐኪም ፉ እጮኝነቱ ይፍረስ፣ ልጁ እጁን ያትምልኝ ብለው ሽማግሌ ላኩ። ሩሸን ያኔ «እጄን ቁረጡና እናንተው አትሙት» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። ሱዬ ይህን ሰምታ ሦስት ቀን ፊቷ በርቶ ነበር። አባቷ ተቆጥተው በማገዶ እንጨት ጀርባዋን ሰነጠቁት፤ የፊቷ ብርሃን ግን አልጠፋም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጀግንነት እዚህ ወረቀት ላይ ያልቃል? ለአባቷም አላሳየችም። ተፈታሁ ብላ ከምትነግራቸው ምላሷን ብትውጠው ይሻላት ነበር።

አሁን የአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ነው። ሐኪሞች በበሽተኛ ገላ ላይ እያነደዱ የሚያክሙበት አሪቲ የሚታጨድበት፣ የዘንዶ ጀልባዎች የሚወዳደሩበት ቀን። ሱዬ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ኮረብታ አሪቲውን በማጭድ እየመታች ትጥላለች። ወንድሟ ቴንግዳ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ ራሱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ መቅዘፊያውን ተሸክሞ በአጠገቧ አለፈ። አፉ የሩዝ አረቄ ይሸታል።

«ምነው እህቴ፣ አሪቲ ነው የምታጭጂ ወይስ አንገት?»

«ያንተ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«የኔን ተይው። ዛሬ ያንን ቆማጣ ውሃ አጠጣልሻለሁ።» ቆማጣ ያለው ሩሸንን ነው፤ የጀልባ መጎተቻ ገመድ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ወስዶበታል።

ሱዬ ማጭዱን ያዝ አደረገች። እግሯ ሥር ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማት።

«አጠጣው» አለችው። «ግራ እጁን ግን አደራ። እሷን እንዳትረሳት።»

ቴንግዳ ሳቀ፤ እየሳቀ ወረደ። ሱዬ አሪቲውን ማጨድ ቀጠለች። ልቧ ውስጥ ያለው ነገር በቀል ከሆነ ለምን እንዲህ እንደሚያንገሸግሽ ግን አልገባትም።

*

ወንዙ ዳር ሰው እንደ ጉንዳን ፈልቷል። በሸምበቆ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የሚገምጠው፣ የሚሳደበው፣ ርችት የሚያፈነዳው ተደበላልቋል። የፉዎች ጀልባ ቀይ ነው፣ የኬዎቹ ጥቁር። ከፊት ለፊት የተቀረጹት የዘንዶ ራሶች ጥርሳቸውን አግጠው ይተያያሉ፤ ከኋላቸው የተቀመጡት ወንዶችም እንደዚያው።

«ኧረ ኬዎች! ዘንዷችሁ ዓሣ ነው የሚመስል!»

«ዓሣ ከሆነስ! እናንተ አሪቲ አጫሾች፣ ጭሳችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት!»

ሩሸን በጥቁሩ ጀልባ ፊተኛ ቀዛፊ ነበር። ሱዬ የአሪቲ ነዶዋን ይዛ ወደ ወንዙ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ ስትቆም አየችው። ሦስት ወር ሙሉ ያላየችው ሰው ነው። ጉንጩ ጎድሏል። ዓይኑ ግን ያው ነው፣ የማያፍር ዓይን።

ከበሮው ተመታ። ጀልባዎቹ ውሃውን ቀደዱት። እኩል እኩል እየሄዱ ደረጃው ፊት ሲደርሱ ሩሸን አበደ። መቅዘፊያውን በጎደሎ ቀኝ እጁ ይዞ ግራ እጁን ወደ ሱዬ አነሳ፤ አራቱን ጣቶች ግጥም አድርጎ፣ አውራ ጣቱን ለይቶ። ልክ እንደ ወረቀቱ።

ፍቺውን በአደባባይ ሊደግምልኝ ነው! ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ጀርባዋን መስጠቷን ያወቀው ጀልባው ነው። ሩሸን አንድ ምት ሳተ፤ ከኋላው ያለው መቅዘፊያ ከሱ መቅዘፊያ ጋር ተጋጨ፤ ጥቁሩ ጀልባ አንገቱን አዞረና የቀዩን ጎን በረገደው። ከዚያ በኋላ ውድድር የለም። ሰዎቹም ይህንኑ ሲጠብቁ ነበርና መቅዘፊያው ሁሉ ከውሃ ወጥቶ ጭንቅላት ላይ ዋለ። አንዱ ከበሮውን አንስቶ በሰው ፊት ላይ ሰበረው። አንዱ ጆሮው ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ውሃው በጀልባዎቹ መሃል ቀላ።

ሱዬ ዞራ ያየችው ይሄን ነው። ሩሸን ወደ ውሃ የወደቀ ዘመዱን በቀኝ እጁ እየጎተተ በግራው የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። ቴንግዳ ዘሎ ጥቁሩ ጀልባ ላይ ወጣ። መቅዘፊያውን እስከ ሰማይ አነሳ።

«ይቺ ከእህቴ ናት!»

የግራ እጁ አጥንት ድምፅ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ደርቆ እንደተሰበረ ሸምበቆ። ደገመው፣ ሠለሰው፤ እጁ እጅ መምሰሉን እስኪተው። ከዚያ የመቅዘፊያውን ጫፍ አዙሮ ሆዱ ላይ ሸቀሸቀውና ወደ ውሃው ገፈተረው። ሩሸን አልጮኸም። ከመስጠሙ በፊት ወደ ደረጃው አየ፤ ወደ እሷ። በቁጣ ቢያያት እኮ ትችለው ነበር! ያያት ግን ገርሞት ነው። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ተደናቅፎ ሲወድቅ እንደሚገርመው።

ሱዬ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የራሷ አልመሰላትም።

*

ኬዎች ሩሸንን በመረብ ሲያወጡት ከናፍሩ ጥቁር ነበር። ጀልባ መጠገኛው ዳር፣ ሰሌን ላይ አጋደሙት። እናቱ ውሃውን ከአፉ አስተፋችው፤ ትንፋሹ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ፣ እጅና እግሩ ግን በረዶ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ጨርቁ ይንጠባጠባል።

ሐኪም ፉ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው የቆሰሉ ዘመዶቻቸውን ያክማሉ። የሩሸን እናት በጉልበቷ እየሄደች እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ሐኪም! ዕዳው የኔ ይሁን፣ ልጄን ይዩልኝ!»

ሐኪም ፉ ካሉበት ሆነው ገረፍ አድርገው አዩት። «እምብርቱ ሥር ያለው የምንጭ በር እየተዘጋ ነው። ሙቀቱ ወጥቶ አልቋል። ሬሳ አላክምም።»

«በሕይወት አለ!»

«የኬ ልጅ ነው» አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጧት።

ሱዬ ይህን ሰማች። ነዶዋን ጣለች። ከአባቷ ሣጥን የተወቀጠውን አሪቲ ከነከረጢቱ፣ የሚጨሰውን ጧፍም ነጥቃ አሥሩን እርምጃ ሮጠች። የሩሸን አጎት የዓሣ መዘልዘያ ቢላ ይዞ ፊቷ ተገተረ።

«የፉ ልጅ! ወንድምሽ የጀመረውን ልትጨርሺ ነው?»

«ልጀምር ነው። ዞር በል።»

«ከሞተ እዚሁ አርድሻለሁ።»

«እረደኝ። አሁን ግን ዞር በልና ነፋሱን ከልልልኝ፤ ትልቅ ሰው አይደለህ፣ ለአንድ ነገር ጥቀም!»

አጎትየው ጠጉሯን በመዳፉ ጠምጥሞ፣ ቢላውን አንገቷ ላይ አስደግፎ፣ ከነፋሱ በኩል ተንበረከከ። ሱዬም ተንበረከከች። የሩሸንን ልብስ ከእምብርቱ በታች ገለጠች።

የምንጭ በር፣ ሙቀት እንዲመለስ አሪቲ የሚነድበት ነጥብ፣ ያለው ከእምብርት በታች አንድ ጋት ነው፤ አራት ጣት። የማን ጣት? የበሽተኛው። እያንዳንዱ ሰው የሚለካው በገዛ እጁ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የተለካ ሆድ የሌላ ሰው ሆድ ነው። ለሴት በቀኝ እጇ፣ ለወንድ በግራ እጁ። ሱዬ ይህን ስትማር ገና ጥርሷ አልበቀለም ማለት ይቻላል።

ግራ እጁን ከጨርቁ ፈታችው። ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። የሚለካበት ጣት የለም፤ ሥጋና ስብርባሪ ነው። ቀኙ ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ሆዱ ደግሞ ተወጥሮ ከእምብርት እስከ አጥንት ያለው ልክ ተዛብቷል።

«በምን ትለኪዋለሽ?» አሉ ሐኪም ፉ ከኋላዋ። መጥተው ኖሯል። «በራስሽ ጋት ከሆነ ስተሽ ፊኛውን ነው የምትጠብሺው። ተነሺ። እጁ የለም፣ ልኩም የለም።»

ልኩ።

ሱዬ ደነዘዘች። ካቻምና ሩሸን ሆዱን በርዶት አባቷ ዘንድ ሲመጣ እሷ ነበረች ያስተማረችው፤ በእንጨቱ መጋረጃ ጀርባ ሆና።

«ከእምብርትህ በታች፣ በገዛ እጅህ አንድ ጋት።»

«ባንቺ እጅስ?»

«በኔማ ከሆነ ስቼ እገድልሃለሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሳቀ። «እንግዲያው እጄን የሰጠኋት ሴት ልኬን ታውቀዋለች በይኛ።»

ሱዬ ቢላው አንገቷ ላይ መሆኑን ረስታ ዞረች። አንገቷ ተጫረ፤ ደሙ ወደ ደረቷ ወረደ። እትዬ ኋ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ታለቅሳለች።

«እትዬ ኋ! በዚያን ጊዜ ምን ብሎ ነው የላከሽ? ቃል በቃል!»

«ውይ ልጄ፣ ያ ውሻችሁ እግሬን ሊነጨው… ልኬን አውቄያለሁ… አይ፣ ልኬን… ልኬን ታውቀዋለች በያት መሰለኝ። አንድ አይደለም እንዴ?»

አንድ አይደለም! ሱዬ ቀኝ ጫማዋን አወለቀች። ገበሩን በጥርሷ ቦጨቀችው። ወረቀቱ ወጣ፤ በላብ ተጣብቋል፣ ተጨማድዷል፣ ጥላሸት ግን ላብ አይፈራምና እጁ እንዳለ ነበር። አራት ጣት፣ ግጥም ብሎ። ጣቶቹ ያልተዘረጉት ጋት እንዲሆኗት ነበር። አንድ ጀልባ ነጂ፣ መጻፍ የማይችል ሰው፣ ያለውን አንድ ፊደል ልኮላት ነበር።

ወረቀቱን ሆዱ ላይ አነጠፈች። የጠቋሚ ጣቱን ጠርዝ እምብርቱ ላይ፣ የትንሿ ጣቱ ጠርዝ የደረሰበትን በጥፍሯ ምልክት አደረገች። የራሷን ጋት አጠገቡ አስቀምጣ አየችው፤ ግማሽ ጣት ትስታለች።

የመጀመሪያውን የአሪቲ ጉብታ፣ የተምር ፍሬ አሳክላ፣ ምልክቱ ላይ አቆመችና ለኮሰችው። ጭሱ ተነሳ። ፍሙ ወደ ቆዳው ወረደ። ሩሸን አልተንቀሳቀሰም።

«አንድ» አለች።

ሁለት። ሦስት። በሰባተኛው ቆዳው ቀላ። በአሥረኛው ውሃ ቋጠረ። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ። እናቱ «ልጄን ጠበሰችው!» ብላ ደረቷን ደቃች፤ አጎትየው የሱዬን ጠጉር ጠበቅ አደረገ። ሱዬ አሥራ አንደኛውን ለኮሰች።

በአሥራ ስምንተኛው ቴንግዳ ደረሰ። ፊቱ በሰው ደም ተለውሷል።

«ምን እያደረግሽ ነው? አንቺው አይደለሽ እንዴ እጁን አትርሳ ያልሽ?»

ኬዎች በሙሉ ዞረው አዩዋት። እናትየው ለቅሶዋን አቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች ሱዬ፣ ዓይኗን ከፍሙ ሳትነቅል። «አስመታሁት። አሥራ ዘጠኝ።»

ቴንግዳ ክንዷን ጨመደደ። የሚጨሰውን ጧፍ አንጓው ላይ ተከለችበት፤ ቆዳው ቸስ አለ። እንደ ሕፃን እየጮኸ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ድገም! ቀጥሎ ዓይንህ ነው!»

ማንም አልተጠጋትም። ሃያ። ሠላሳ። ጉልበቷ ደም አቆረ። በሠላሳ አራተኛው አጎትየው ጠጉሯን ለቀቀና፣ ሳትለምነው፣ ጉብታውን እየጠቀለለ ያቀብላት ጀመር። በጣም ወፍራም ነው የሚጠቀልለው። «ቀጭን አድርገው፣ ዱባ ነው እንዴ!» አለችው፤ ቀጭን አደረገው።

በአርባ አንደኛው የሩሸን የእግር ጣት ተንቀሳቀሰ። በአርባ ሦስተኛው ሆዱ ተርገበገበና አንድ ትልቅ ትንፋሽ ገባ። በአርባ ስድስተኛው ሙልጭ ያለ የባለጀልባ ስድብ ከአፉ ወጣ፤ እዚህ የማይደገም ስድብ፣ እናቱ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያምር ቃል ሰምታ አታውቅም።

ዓይኑን ገለጠ። የቆሰለ አንገቷን አየ፣ ፊቷን አየ።

«ከእህቴ ናት አለኝ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ውሸት ነው አይደል?»

መዋሸት ትችል ነበር። የሚያምር ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እውነት ነው። የፈታኸኝ መስሎኝ።»

ከሩሸን ዓይን ጥግ አንድ እንባ ወደ ጆሮው ወረደ። «እኔ እኮ… ልኬን ነው የላክሁልሽ።»

«አሁን ደረሰኝ» አለችው። ይህን ስትል ፊቷ ተሰባበረ፤ ያን ሁሉ ሰዓት የታሰረው ለቅሶ እንደ ጎርፍ ወረዳት።

ሐኪም ፉ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አነሱት። ገለበጡት፤ በሁለቱም በኩል ባዶ ነው፣ ከእጁ በቀር። ፊታቸው ተለወጠ። ሐኪም ናቸውና የመድኃኒት መጻፊያ ብሩሽና ቀለማቸው ከወገባቸው አይለይም።

«በባዶ ወረቀት ላይ የታተመ እጅ» አሉ ቀስ ብለው። «የፈለግሁትን ብጽፍበት ውል ነው። ዓምና የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ሕይወቱን ሰጥተሽዋል፣ ይበቃዋል። ፍቺውን እዚሁ እጽፈዋለሁ።» ብሩሻቸውን መዘዙ።

ሱዬ ተነሳች። መዳፏ በአሪቲ አመድና በራሷ ደም ጠቁሯል። ወረቀቱን ከእጃቸው አልነጠቀችም። አራት ጣቷን ገጥማ፣ አውራ ጣቷን ለይታ፣ አባቷ እንደያዙት በሩሸን እጅ ላይ ጫነችው። ስታነሳው ትንሿ እጅ በትልቁ እጅ ውስጥ ነበረች፤ የሱ ጥቁር ዙሪያዋን እንደ ጥለት ከቧት።

«አሁን ይጻፉበት፣ አባባ» አለች። «ፍቺ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ የሁለት ሰው እጅ ያለበት ወረቀት የምን ውል እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ መሃይም ነኝ።»

የሐኪም ፉ ብሩሽ አየር ላይ ቆመ። ከጫፉ አንድ ጠብታ ቀለም ወርዶ ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ።

ሱዬ ግን አላየቻቸውም። ቀኝ እግሯ ባዶውን ነው። የወንዙ ድንጋይ ውስጥ እግሯን ሲነካው ቅዝቃዜው እስከ ልቧ ዘለቀ። ሦስት ወር ሙሉ የረገጠችው መስሏት ነበር፤ ለካ ሦስት ወር ሙሉ መዳፉ ላይ ቆማ ነው የኖረች።